ስለ አውቶሞቢል እሽቅድምድምና ስለ ደጅ ጥናት

ወጣት ሁሉ ፈጣን ነገር ይወዳል። የቀድሞው ወጣት ፈረስ ይወድ ነበር፤ የዛሬው ደግሞ አውቶሞቢል ይወዳል። መጋለቢያው ቢለወጥም የልቡ ምኞት አንድ ነው፤ ይኸውም ከባልንጀሮቹ ቀድሞ መታየት ነው። ይህ ምኞት በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን መፍሰሻ ያልተበጀለት ውሃ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ እንደሚሄድ፥ መንገድ ያልተበጀለትም ምኞት ባለቤቱንና ጎረቤቱን አብሮ ይዞ ይጠፋል። መንገዱን ማበጀት የወላጅ ፋንታ ስለ ሆነ፥ ሀብት የሌለው ወጣት ወደ አውቶሞቢል እሽቅድምድም በምን በር ሊገባ እንደሚችል በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን እንገልጻለን። የአገራችንን ነገር በአገራችን አቈጣጠር፥ የውጭውን ግን በፈረንጆች አቈጣጠር አድርገን ጽፈነዋል።

በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር ጎዳናዋ ሰፊ፥ ግራና ቀኙም ዘንባባ የቆመበት ነው። በግንቦት ወር 2016 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ይህን ያህል የተስተካከለ መንገድ የሚያይ ወጣት እግሩ በነዳጅ መስጫው ላይ ቢከብድ አያስደንቅም። ነገር ግን በዚሁ ጎዳና በብስክሌት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን አለ፤ ባጃጅ እየነዳ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር አባት አለ፤ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትሻገር እናት አለች። የሕዝብ ጎዳና የሁሉ ርስት ነውና አንድ ሰው ለብቻው የእሽቅድምድም ሜዳ ሊያደርገው አይገባውም። በሌሊት በባዶ ጎዳና ላይ የሚደረግ ሽምጥ ስፖርት አይባልም፤ ዳኛ የሌለው፥ ሐኪም የማይጠብቀው፥ ፍጻሜውም ለፍርድ ቤት መዝገብ የሚተርፍ ነገር ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የከተማው ነጋዴ ስለ ሌላ ጉዳይ ወደምንሠራበት ጽሕፈት ቤት መጥተው፥ ጉዳያቸውን ከፈጸሙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አማከሩን። «ልጄ የእሽቅድምድም መኪና ካልተገዛልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። ባልገዛለት ቤቴን ጥሎ የሚሄድ ይመስለኛል፤ ብገዛለት ደግሞ በሳምንቱ ሬሳውን የሚያመጡልኝ ይመስለኛል። እርስዎ ብዙ ያዩ ሰው ነዎትና ምን ይበጀኛል?» አሉን። እኛም «መኪናውን አይግዙለት፤ ምኞቱንም አይከልክሉት፤ በደጅ ጥናት እንዲገባ ግን ይላኩት» ብለን መለስንላቸው። ነገሩ እንቈቅልሽ ስለ መሰላቸው፥ ያን ቀን ያስረዳናቸውን ለሌሎቹም ወላጆች እንዲጠቅም አስፍተን ከዚህ ቀጥለን እናቀርባለን።

የደጅ ጥናትን ነገር አንባቢዎቻችን ከአባቶቻቸው ያውቁታል። እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባዶ እጁን ቆሞ፥ በአማላጅና በእጅ መንሻ የማይገባውን የሚለምን ነው፤ ይህን አናመሰግነውም። ሁለተኛው ግን በደጅ ሲውል ፈረስ እየያዘ፥ መልእክት እያደረሰ፥ የወደቀውን እያነሣ፥ ጠባዩንና ትጋቱን ሳይናገር የሚያስመለክት ነው። ጌታው ይህን ሰው በዘመድ ሳይሆን በሥራው ያውቀዋል፤ ሰው በታጣ ቀንም ስሙን ጠርቶ ያስገባዋል። በአውቶሞቢል እሽቅድምድም የሚያስፈልገው ትውውቅ ይህ ሁለተኛው ነው። ነፍሱን በአራት ጎማ ላይ አስይዞ የሚሮጥ ሰው፥ ጎማውን ያጠበቀለት ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ አይነሣምና።

የአገራችንም የአውቶሞቢል ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ አመጣ። በዚያው ጊዜ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ሌላ አውቶሞቢል አስገባ። ንጉሠ ነገሥቱም የዚህን አዲስ ነገር ጥበብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንዲገኝ ስለ ፈለጉ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን ከሆልትዝ ጋር ወደ ጀርመን ላኳቸው። ተሰማ እሸቴ ግጥምና ዜማ አዋቂ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ በዚያው በጀርመን አገር ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጿል። የተላኩበት ዋና ጉዳይ ግን መኪና መንዳትና መጠገን መማር ነበር። እኒህ ሰው መኪና ገዝተው አልጀመሩም፤ በአገልግሎት ታውቀው ተላኩ፥ መኪናውን መፍታትና መግጠምም ከመንዳቱ ጋር ተማሩ እንጂ።

ከዚያም ወዲህ በጭነት መኪና ላይ ያለው የረዳት ሥርዓት ይህንኑ ትምህርት ሲያስተምር ኖሯል። ረዳቱ መኪናውን ያጥባል፤ ጭነቱን ያስራል፤ ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ጎማ ሲፈነዳ ክሪኩን ይዞ በጭቃ ላይ ይተኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ሲመጣ፥ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ቍልቍለቱ ከ1000 ሜትር የበለጠ ነው። በዚያ ቍልቍለት ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሹፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ አዋቂው ግን መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዞ ይወርዳል። ረዳቱ ይህን ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። ሹፌሩም ደክሞት ሜዳ ላይ በደረሰ ቀን መሪውን አሳልፎ የሚሰጠው፥ ሌሊት ከጭነቱ አጠገብ ነቅቶ ላደረው ረዳት ነው።

አሁን ወደ ራሱ ወደ እሽቅድምድሙ እንምጣ። በሜዳ ላይ ተዞሮ ከሚደረገው ሌላ፥ ራሊ የሚባለው ውድድር አለ። በራሊ አውቶሞቢሎቹ ለሌላ ተላላፊ በተዘጋ የገጠር ጎዳና ላይ፥ አንዱ ከሌላው በኋላ ጊዜው ተለክቶ እየተለቀቁ ይሮጣሉ፤ የሚያሸንፈውም የጊዜው ድምር ያነሰለት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የኢትዮጵያ ሃይላንድ ራሊ የተባለ ውድድር በአገራችን ይደረግ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ የሚደረገው የሳፋሪ ራሊ ደግሞ በ1953 ለእንግሊዝ ንግሥት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ተጀምሮ፥ ዓለም ያወቀው ውድድር ሆነ። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቢቆይም በ2021 ተመልሶ ገብቷል።

ተመልካች የሚያየው ነጂውን ብቻ ነው። ነገር ግን አንድ አውቶሞቢል በሰላም ይሮጥ ዘንድ ብዙ ሰው በየስፍራው ይቆማል። አንዱ መንገዱን ይዘጋል፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ አንዱ ከመነሻው በፊት ፍሬኑን፥ ቀበቶውንና የእሳት ማጥፊያውን ይመረምራል፤ አንዱ ሕዝቡን ከመታጠፊያው ያርቃል፤ አንዱ ባንዲራ ይዞ ይቆማል። ቢጫው ባንዲራ ከፊት አደጋ አለና ቀስ በል፥ አትቅደም ማለት ነው። ቀዩ ውድድሩ ቆሟል ማለት ነው። ሰማያዊው ከኋላህ የሚፈጥን መጥቷል ማለት ነው። አረንጓዴው አደጋው አልፏል ማለት ነው። ጥቍርና ነጭ ዳማ ያለበት ደግሞ ፍጻሜውን ያመለክታል። በብዙ አገር እነዚህ የመንገድ ዳኞች ደመወዝ የላቸውም፤ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ አስተማሪዎች፥ ነጋዴዎች፥ የእጅ ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው።

ይህ አገልግሎት ቀላል ነው ብሎ ማንም እንዳይንቀው። በ1955 በፈረንሳይ አገር በለማን ከተማ በተደረገው እሽቅድምድም አንድ አውቶሞቢል ወደ ሕዝቡ ገብቶ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በ2001 በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ፥ ከተጋጨ አውቶሞቢል የተፈናጠረ ጎማ በፈቃዱ ሲያገለግል የነበረ አንድ የመንገድ ዳኛ ገደለ። ዛሬ ያለው ጥብቅ ሥርዓት ሁሉ፥ አጥሩም፥ የሚቆምበት ስፍራም፥ ምልክቱም፥ በእንዲህ ያለ ደም የተገዛ ነው። ስለዚህ ባንዲራ ለመያዝ የሚመጣ ወጣት አስቀድሞ ይማራል፤ ጀርባውን ለሚመጣው አውቶሞቢል እንዳይሰጥ፥ ያለ ትእዛዝ ወደ መንገዱ እንዳይገባ፥ ሥዕል ለማንሣት ብሎ ስፍራውን እንዳይለቅ ይነገረዋል። ይህን የጠበቀ ልጅ በሕዝብ ጎዳና ላይም እብድ ሆኖ አይነዳም፤ ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷልና።

በዚህ አገልግሎት የቆመ ወጣት ሳይፈልገው ትውውቅ ያገኛል። ውድድሩ ሲያልቅ ገመዱን የሚጠቀልለው፥ ቆሻሻውን የሚሰበስበው፥ ዝናብ ሲመጣ የማይሸሸው ማን እንደ ሆነ ሹማምንቱ ያያሉ። አንዱ ተወዳዳሪ መኪናው ተሰብሮበት በሌሊት ሲጠግን መብራት የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። መብራት የያዘው በሚቀጥለው ጊዜ መፍቻ ያቀብላል፤ መፍቻ ያቀበለውም በሦስተኛው ጊዜ ጎማ ይለውጣል። በዓመቱ ደግሞ «ያ ልጅ ለምን አልመጣም?» ተብሎ ይጠየቃል። ሰው ሳይኖር ስሙ ከተጠራ በሩ ተከፍቶለታል ማለት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ጆጊንደር ሲንግ የተባለው የኬንያ ሰው ነው። አባቱ የጋራዥ ባለቤት ነበሩና ልጁ ከታናሽነቱ ጀምሮ በመፍቻና በዘይት መካከል አደገ። ከዚያም በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የመንገድ ቃኚ ሆኖ ገባ፤ ሥራውም እየዞረ መንገድ ላይ የተበላሸባቸውን ሰዎች መርዳት ነበር። እንዲህ የሚያገለግል ሰው የትኛው መንገድ በዝናብ እንደሚበላሽ፥ የትኛው መኪና በምን እንደሚሰበር ከማንም አብልጦ ያውቃል። በ1959 በሳፋሪ ራሊ መወዳደር ጀመረ። በ1965 ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር፥ አዲስ ባልሆነ ቮልቮ ተቀምጦ አሸነፈ። በ1974ና በ1976ም እንደ ገና አሸነፈ። ከገባባቸው 22 የሳፋሪ ውድድሮች 19ኙን እስከ ፍጻሜው አድርሷል። ብዙዎች ከእርሱ የተሻለ መኪና ነበራቸው፤ እርሱ ግን መኪና ሳይሰበር ማድረስን በአገልግሎት ተምሮት ነበር።

ሴት ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህ ነገር አይመለከተንም አትበሉ። ሚሼል ሙቶን የተባለችው ፈረንሳዊት ወደ እሽቅድምድም የገባችው በወዳጅ ጥሪ ነው። በ1972 አንድ የምታውቀው ነጂ በኮርሲካ ደሴት ለሚደረገው ራሊ ሲለማመድ አብራው እንድትቀመጥ ለመናት፤ እርስዋም ከአጠገቡ ተቀምጣ መንገዱን የምታነብለት ሆነች። አባትዋ ግን ልጃቸው የተቀመጠችበት መኪና አሰጋቸው። አልከለከሏትም፤ እንዲያው በሰው መኪና ከምትቀመጥ ራስዋ ትንዳ ብለው መኪና አቀረቡላት፥ ችሎታዋንም የምታስመሰክርበት አንድ ዓመት ቈረጡላት። በ1981 በኢጣልያ በሳን ሬሞ ራሊ አሸንፋ፥ በዓለም ሻምፒዮና ራሊ ያሸነፈች የመጀመሪያ ሴት ሆነች። በ1982 ደግሞ ሦስት ውድድር አሸንፋ በዓለም ሁለተኛ ወጣች። እዚህ ላይ ወላጅ ሊያስተውለው የሚገባው ቅደም ተከተሉን ነው። መኪናው የመጣው ልጅቱ ከአዋቂ ነጂ አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን ካየች በኋላ ነው፤ የተሰጣትም ልክ ያለው ጊዜ ነው እንጂ ማለቂያ የሌለው የአባት ገንዘብ አይደለም።

ሚሼል ሙቶን የጀመረችበት ስፍራ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋል። በራሊ መኪና ሁለት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ይነዳል፤ ሁለተኛው አስቀድሞ የተጻፈውን የመንገድ ማስታወሻ ይዞ፥ መታጠፊያው ወደ የት እንደ ሆነ፥ ምን ያህል እንደሚጠብቅ፥ ከጉብታው በኋላ ምን እንዳለ ነጂው ሳይደርስበት ይነግረዋል። ጥቂት ዘግይቶ ቢናገር ሁለቱም ገደል ይገባሉ። ይህ ስፍራ መኪና የሌለው፥ ነገር ግን ጽሕፈት የሚያውቅ፥ ልቡ የማይደነግጥ፥ ሰዓት አክባሪ ሰው የሚገባበት በር ነው። ነጂም ለዚህ ስፍራ እንግዳ አይመርጥም፤ በሌላ ሥራ የፈተነውን ወዳጁን ይመርጣል።

እንግዲህ በጣና ዳር ያለ ወጣት ወዴት ይሂድ? የእሽቅድምድም ሜዳ በደጁ ባይኖርም ትምህርቱ በደጁ አለ። በመጀመሪያ ወደ ጋራዥ ይሂድ። ባሕር ዳር በ1955 ዓመተ ምሕረት በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የተከፈተባት ከተማ ናትና የመካኒክ ጥበብ ለእርስዋ እንግዳ አይደለም። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ ስለ ሆነ በዚህ አየሩ ቀጭን ነው፤ አየር የሚጨምርለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ከቆላ የመጣ ነጂ ይህን ሳያውቅ መኪናዬ ታመመ ይላል፤ የአገሩ መካኒክ ግን መድኃኒቱን ያውቃል። ይህ ዕውቀት ከገንዘብ ይልቅ በር ይከፍታል።

ሁለተኛም በ1927 ዓመተ ምሕረት ወደ ተመሠረተው ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ገብቶ የመጀመሪያ ርዳታ ይማር። ደም ማቆምና የተሰበረ አጥንት መደገፍ የሚያውቅ ሰው በማናቸውም ውድድር ላይ ይፈለጋል። ሦስተኛም በከተማው የብስክሌት ወይም የሩጫ ውድድር ሲደረግ መንገድ በመጠበቅና ሰዓት በመያዝ ያገልግል፤ የዳኝነት ሥርዓቱ በጎማም ሆነ በእግር ቢሮጡ ተመሳሳይ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ወይም ጎረቤት አገር የአውቶሞቢል ውድድር ሲደረግ «ይህን ይህን አውቃለሁ፤ በዚህ በዚህ አገልግያለሁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ደብዳቤው ልመና ሳይሆን ስጦታ ይሆናል።

ነገሩ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓመተ ምሕረት ሲሆን፥ ለዓድዋ ፈረሰኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። በዚያ አገር ፈረስን ሳይንከባከብ የሚጋልብ ልጅ አይመሰገንም። በሐይቁም ላይ የታንኳ ሠሪው ልጅ አስቀድሞ ደንገል ያጭዳል፥ ያደርቃል፥ ያስራል፤ መቅዘፊያ የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው። ታንኳው የቱ ጋ እንደሚላላ ስለሚያውቅም ማዕበል ሲነሣ አይደናገጥም።

ለወላጆች የምንመክረው አጭር ነው። ልጃችሁ ይህን ምኞት ሲነግራችሁ አትሳቁበት፤ አትቈጡትም። ለመኪና የሚወጣውን ገንዘብ አቆዩና አስቀድማችሁ የሥራ ልብስ ግዙለት። የምታውቁት አዋቂ መካኒክ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱና «ልጄን አገልጋይ አድርጉልኝ» በሉት እንጂ «ልጄን ነጂ አድርጉልኝ» አትበሉት። ሹመት ያላችሁም፥ ስማችሁን ጠርታችሁ ልጃችሁን ከተሰለፉት በፊት አታስገቡ፤ በስም የገባ በመጀመሪያው ዝናብ ይወጣል፥ ክፉ የሆነ እንደ ሆነም የሌላ ሰው ልጅ ነፍስ በእጁ ይጠፋል። በገንዘብ ወዲያው ተወዳዳሪ አደርገዋለሁ የሚላችሁንም ሰው አትመኑ። ልጃችሁ ሁለት ዓመት ሳይሰለች አገልግሎ፥ የመንጃ ፈቃዱን በሥርዓት አውጥቶ፥ የሚያውቁት ሰዎች በራሳቸው አንደበት ቢመሰክሩለት፥ ያን ጊዜ ስለ መኪና መነጋገር ይቻላል። በመካከሉ ከሰለቸም ቤታችሁ ሳይሸጥ፥ ልጃችሁም ሳይሞት እውነቱ ታወቀ ማለት ነው፤ የተማረው የእጅ ሥራም አይቀማም።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በእሽቅድምድም ነገር ይህ ተረት ተቃራኒ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ፈጥኖ የሚነዳውን ሁሉ ብንመረምር ቀስ ብሎ የተማረ ሆኖ እናገኘዋለን። ልጆቻችን ከባንዲራው ጀምረው ወደ መሪው ቢደርሱ፥ የከተማችን ጎዳና ለሕፃናቱና ለገበያተኞቹ ሰላም ይሆናል፤ ለአገራችንም በውድድር ስምዋን የሚያስጠሩ ነጂዎች ይገኙላታል።